ጥሩምባ የሚነፋበት ቤተ መጻሕፍት

ባለፈው ወር አንድ አባት ከምሠራበት ባንክ መስኮት ፊት ቆመው ነበር። ልጃቸው ባሕር ማዶ ይማራል። የትምህርት ክፍያውን ለመላክ ወረቀታቸውን አሟልተው፣ ወረፋ ጠብቀው መጥተዋል። የውጭ ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ መተመን ከጀመረ ወዲህ፣ ልጁን በውጭ አገር የሚያስተምር ወላጅ የሚከፍለው ብር ምን ያህል እንዳሻቀበ በየቀኑ አያለሁ። ሰውየው ፊርማቸውን አኑረው ሲያበቁ ስልካቸውን አውጥተው አንድ ፎቶግራፍ አሳዩኝ። ልጃቸው ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ሐይቅ ዳር ቆሞ ይስቃል።

«ቅዳሜና እሁድ ሽርሽር ሄደው ነው አሉ» አሉኝ። «ለመሆኑ የምልከው ለዚህ ነው እንዴ?»

ከኋላቸው ሰው ይጠብቅ ነበር፤ የባንክ መስኮት ደግሞ ረጅም ወግ አይፈቅድም። «አይዞዎት፣ ይማራል» ብዬ ደረሰኛቸውን ሰጠኋቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። የሰጠኋቸው መልስ መልስ አለመሆኑ ግን ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ፤ ጥያቄያቸው ከዓመታት በፊት እኔው ራሴ የሸሸሁት ጥያቄ ነበርና። በመስኮቱ ያልተናገርኩትን እንግዲህ እዚህ ልናገረው።

እኔ የማምነው እንዲህ ነው፦ በሰው አገር የሚማር ልጅ ከጓደኞቹ ጋር የሚሄደው የቅዳሜና እሁድ ጉዞ የትምህርቱ አንድ ክፍል ነው። ከቤተሰቡ እንደተሰረቀ ገንዘብ የሚቆጠረው ተማሪው የደበቀው እንደሆነ ነው። እኔ ደብቄዋለሁ፤ ስለዚህ የምናገረው ከዳኛ ወንበር ላይ ሆኜ አይደለም።

ከ2002 እስከ 2005 ዓ.ም. በሕንድ አገር፣ በማሃራሽትራ ግዛት በምትገኘው በፑኔ ከተማ ኢኮኖሚክስ ተምሬአለሁ። እኛ አገር በየሰፈሩ የሚሯሯጠው ባለሦስት እግር ስሙን የወረሰው ከባጃጅ ኩባንያ ነው፤ የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤትም በፑኔ ይገኛል። ስለዚህ የከተማዋን ስም ሰምቶ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ እንኳ በእጇ ሥራ ሳይሳፈር አልቀረም። የላከኝ አባቴ ነው፤ ጡረታ የወጣ መምህር። ክፍያዬን የሚሸፍኑት የጡረታ አበሉ፣ ከግቢያችን የሚከራዩት ሁለት ክፍሎችና የታላቅ እህቴ ደመወዝ ነበሩ። ሻይ ስጠጣ እንኳ የእህቴ ፊት ከብርጭቆው ውስጥ ይታየኝ ነበር።

በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. አንድ ዓርብ ማታ አራት ሆነን ከፑኔ ተነሣን፤ እኔ፣ አብሮኝ የሚኖር የደሴ ልጅ፣ አንድ ሱዳናዊና የክፍላችን ልጅ የሆነ ማራቲኛ ተናጋሪ ሕንዳዊ። የምንሄደው ያኔ አውራንጋባድ ወደምትባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ስሟ ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ተብሎ ወደተለወጠው ከተማ ነበር። ከፑኔ 235 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በቀዩ የመንግሥት አውቶቡስ ሌሊቱን ስንናጥ አደርን። አውቶቡሱ በቆመበት ሁሉ በዳቦ መሐል የገባ የድንች ጥብስ እየገዛን፣ ዝንጅብል የበዛበት ሻይ እየጠጣን ሄድን። ሱዳናዊው ጓደኛችን የመሐመድ ወርዲን ዘፈን ሲያንጎራጉር፣ ግጥሙን የማናውቀው ሁለት ኢትዮጵያውያን ዜማውን እየተቀበልን አጀብነው። ሕንዳዊው በመገረም «ቋንቋችሁ አንድ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ያን ሌሊት ልቤ እንደ ላባ ቀልሎ ነበር። ስለ ገንዘቡ ያላሰብኩበት የመጀመሪያው ሌሊትም እርሱ ይመስለኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ከከተማይቱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ወደ ኤሎራ ሄድን። ኤሎራ ከአንድ ተራራ ጎን የተፈለፈሉ 34 ዋሻዎች ያሉባት ሥፍራ ናት። የቡድሃ፣ የሂንዱና የጃይን እምነት ተከታዮች በአንድ ተራራ ላይ ጎን ለጎን የጸለዩባቸው ናቸው። ከሁሉም የሚያስደንቀው አሥራ ስድስተኛው፣ ካይላሳ የሚባለው ቤተ መቅደስ ነው። በስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቀዳማዊ ክሪሽና ዘመነ መንግሥት ከአንድ ወጥ ዓለት ከላይ ወደ ታች እየተጠረበ የወጣ ነው። መሠረት ተጥሎ ግድግዳ አልቆመም፤ ጣሪያው ቀድሞ ተሠርቶ መሬቱ በመጨረሻ ተገኘ። ከጥልቁ ግቢ ቆሞ ሽቅብ ለሚያይ ሰው ከ30 ሜትር በላይ የሚቆመው ዓለት ሰማዩን ያጠብበታል። ዝሆኖቹ፣ ምሰሶዎቹ፣ ጣሪያው ሁሉ የአንድ ድንጋይ ልጆች ናቸው።

እኔ ግን በዚያ ቦታ ቆሜ ምን አልኩ? «ይህ ምን አላት! የእኛ ላሊበላ ይበልጣል» አልኩ። አሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት ቆጠርኩ፤ ቤተ ጊዮርጊስ እንዴት እንደተፈለፈለ፣ መስቀል ቅርጹ ከላይ ሲያዩት እንዴት እንደሆነ ተረክሁ። አገሬ የተከሰሰች ይመስል ጠበቃ ሆኜ ቆምኩላት። ሕንዳዊው ጓደኛችን በትዕግሥት ሰምቶኝ ሲያበቃ በቅን ልቡና አንዲት ጥያቄ ጠየቀኝ።

«ላሊበላ ስትሄድ ስንት ቀን ቆየህ?»

ላሊበላን አይቼ አላውቅም ነበር። የደሴው ጓደኛዬ ፊቱን አዙሮ ሳቀ። እኔ ያላየሁትን እያወደስኩ፣ የፊቴን ሳላይ ግማሽ ሰዓት አሳልፌአለሁ።

ግጥም ለምንሞክር ሰዎች ያቺ ጥያቄ ትልቅ ትምህርት ትመስለኛለች። በጀርመን አገር በኮሎኝ ሥዕል የተማረው ገብረ ክርስቶስ ደስታ «ሀገሬ» የተሰኘውን ግጥሙን ከሰጠን ወዲህ፣ ባሕር የተሻገርን ሁሉ የየራሳችንን «ሀገሬ» ስንጽፍ ኖረናል። ናፍቆት ነውር የለበትም። ነገር ግን ገብረ ክርስቶስ በሄደበት አገር ዓይኑን ጨፍኖ አልኖረም፤ ለእኛ አዲስ የሆነ የአሣሣል ስልት ይዞ የተመለሰ ሰው ነው። እኛ ናፍቆቱን ወስደን ዓይኑን ትተናል። በፑኔ ሳለሁ የጻፍኳቸው ግጥሞች ዛሬም በአንድ ደብተር አሉኝ። በውስጣቸው እንጀራ አለ፤ የቡና ጭስ አለ፤ አደይ አበባ አለ። ፑኔ ግን የለችም። ከቅርንጫፎቹ ሥር እያወረደ የሚያድገው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ በመስኮቴ ፊት የቆመው የባንያን ዛፍ አንድ ስንኝ እንኳ አላገኘም። የቆመበትን መሬት ያላየ ገጣሚ የናፈቀውን መሬት አይቶታል ብዬ ለማመን ዛሬ ይቸግረኛል።

ከሰዓት በኋላ ለኤሎራ ጎረቤት ወደሆነችው ወደ ኩልዳባድ ተሻገርን። በዚያች ትንሽ ከተማ የማሊክ አምባር መቃብር አለ። ማሊክ አምባር እ.ኤ.አ. በ1548 ገደማ በኢትዮጵያ ምድር የተወለደ፣ በልጅነቱ ለባርነት ተሽጦ፣ ከገበያ ገበያ፣ ከጌታ ጌታ ሲተላለፍ ሕንድ የደረሰ ሰው ነው። የአሕመድናጋር ሱልጣኔት ሹም የነበረው የመጨረሻው ጌታው ራሱ ሐበሻና የቀድሞ ባሪያ ነበር። እርሱ ሲሞት አምባር ነጻ ወጣ፤ ጭፍራ አሰባሰበ፤ በኋላም ሱልጣኖቹን እያነገሠ የሚያስተዳድር እንደራሴ ሆነ። ከሙጋል ነገሥታት ጋር ከሃያ ዓመት በላይ ተዋጋ። ንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊር በጦር ሜዳ ያላገኘውን የአምባርን የተቆረጠ ራስ በቀስት ሲወጋ በሥዕል አሣለው፤ አምባር ግን እ.ኤ.አ. በ1626 በእርጅናው ዘመን ዐረፈ። አውራንጋባድን እ.ኤ.አ. በ1610 ካድኪ ብሎ የቆረቆራት፣ የምድር ውስጥ የውኃ መስመርም የዘረጋላት እርሱ ነው።

መቃብሩ ጸጥ ያለ ነበር። ሱዳናዊው እጁን ዘርግቶ ፋቲሃ አደረሰ። እኛ ምን እንደምናደርግ ስላላወቅን ዝም ብለን ቆምን። ፍየል የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ቀረብ ብለው ከየት እንደመጣን ጠየቁ፤ ሕንዳዊው ነገራቸው። «ሐብሺ» አሉና መጀመሪያ እኛን፣ ቀጥለው መቃብሩን በጣታቸው አመለከቱ። ከዚያ ወደ ፍየሎቻቸው ተመለሱ።

በዚያች ቅጽበት የመጣብኝ ሐሳብ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ይህ ሰው ከተማ ቆረቆረ፣ ሠራዊት መራ፣ ነገሥታትን አስጨነቀ፤ የወለዱት እናትና አባት ግን ይህን ሁሉ ሳይሰሙ አለፉ። «የት ደረሰ?» እንዳሉ ቀሩ። እርሱ ተመልሶ የሚነግርበት መንገድ አልነበረውም። እኔ ግን ትኬት ነበረኝ፤ ስልክም ነበረኝ።

ስልኩም እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ በመመለሻው አውቶቡስ ውስጥ ጮኸ። አባቴ ነው።

«የት ነህ ልጄ?»

«ቤተ መጻሕፍት ነኝ አባዬ፣ እያጠናሁ ነው።»

የሕንድ ሾፌር ጥሩምባ ሳይነፋ አንድ ኪሎ ሜትር አይሄድም። የእኛው ሾፌርም በዚያችው ሰከንድ አምባረቀበት። አባቴ ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ጥሩምባ የሚነፋበት ቤተ መጻሕፍት እንኳ ሰምቼ አላውቅም። በል በርታ» ብሎ ዘጋው። የጉዞዬ ወጪ ከአንድ ሺህ ሩፒ ጥቂት ያንስ ነበር። ውሸቴ ግን ከዚያ የበለጠ አስከፈለኝ።

አባቴን በንጉሡ ዘመን ሒሳብ ያስተማረው ከኬረላ የመጣ ሕንዳዊ መምህር ነበር። መምህሩ አገሩ በናፈቀው ቀን የሕንድን ካርታ በሰሌዳው ላይ ይሥል ነበርና፣ አባቴ ያን ካርታ እስከ ዛሬ ሳያይ ይሥለዋል። ዲግሪዬን ይዤ በተመለስኩ ማግስት በአንድ አሮጌ ጋዜጣ ጠርዝ ላይ ሕንድን ሣላትና እስክርቢቶውን ሰጠኝ። «በል የት የት እንደሄድክ አሳየኝ» አለኝ። እኔ በፑኔ ላይ አንዲት ነጥብ አኖርኩ። «ሌላስ?» አለኝ። «ሌላ የለም፤ ትምህርት ነበር» አልኩት። «እንዴት ናት አገሪቱ?» ሲለኝም «ትሞቃለች» አልኩት። አባቴ ጋዜጣውን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ዕድሜውን ሙሉ ሊሰማው የፈለገውን ወሬ ገንዘቡን ከፍሎ ልኮኝ፣ እኔ ባዶ እጄን መጣሁበት።

የቅዳሜና እሁድ ጉዞ ሁሉ ቅዱስ ነው አልልም። ከመጠጥ ቤት ወደ መጠጥ ቤት የሚሄድ፣ ከፎቶግራፉ በቀር ምንም የማይተርፈው ጉዞም አለ። ፈተናውን ጥሎ የሚንከራተት ተማሪ ካለም የወላጅ ቁጣ ይገባዋል። ከዚህም በላይ የተላከው ገንዘብ የማን ላብ እንደሆነ የዘነጋ ተማሪ ተራራም ዋሻም ቢያይ አላየም። እኔ የምለው የጉዞው ዋጋ በወሬ ይከፈል ነው። ሄደህ ያየኸውን ለላከህ ሰው መልሰህ ንገር፤ ዕዳህ ያን ጊዜ ይቀልልሃል።

ይህ ደግሞ ለእኛ እንግዳ ልማድ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ለመንግሥት ሥራ ወደ ጃፓን ተልከው ሄደው ነበር። ሥራቸውን ፈጽመው ዝም ማለት ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው ለአገራቸው ሰው በመጽሐፍ አስነበቡ። የተላከ ሰው የሄደበትን ጉዳይ ብቻ ይዞ አይመለስም፤ መንገዱንም ይዞ ይመለሳል። እኛ የዛሬዎቹ ተማሪዎች የምስክር ወረቀት ይዘን ስንመለስ፣ መንገዱን ከጉምሩክ እንደሚሸሸግ ዕቃ ከሻንጣችን ሥር ደብቀን እንገባለን። ወላጆቻችንም «ስንት አመጣህ?» እንጂ «ምን አየህ?» ብለው የሚጠይቁን ጥቂት ናቸው። አባቴ ከነዚያ ጥቂቶች አንዱ ነበር፤ እኔ ግን አላወቅሁለትም።

በ2017 ዓ.ም. የፋሲካ ዕለት፣ ምሳ ተበልቶ ቡና ሲፈላ፣ ከአባቴ ፊት ወረቀት አስቀመጥኩ። «ሕንድን ሣልልኝ» አልኩት። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ካርታው ግን አልጠፋውም። እስክርቢቶውን ተቀብዬ ከፑኔ ወደ ሰሜን ምሥራቅ አንድ መሥመር አሰመርኩ። ስለ ዝሆኖቹ፣ ጣሪያው መሬቱን ስለቀደመው ቤተ መቅደስ፣ ስለ አምባርና ስለ ፍየል ጠባቂው ሽማግሌ፣ ስላላየሁት ላሊበላም ነገርኩት። ቡናው ሦስተኛው እስኪደርስ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረም። ከዚያ መሥመሩን በጣቱ ተከትሎ መጨረሻው ላይ ቆመና፣

«ጥሩምባ የሚነፋበት ቤተ መጻሕፍት እንግዲህ ይኼ ነው?» አለኝ።

በፎቶግራፉ ያዘኑት አባት ለሚቀጥለው ክፍያ መምጣታቸው አይቀርም። ወረፋ ቢኖርም ባይኖርም የምነግራቸውን አውቄአለሁ። ልጅዎ አልደበቀዎትም፤ ፎቶግራፉን የላከው ለእርስዎ ነው። ይደውሉለትና የሐይቁን ስም ይጠይቁት፤ አብረውት የሚስቁት ልጆች ከየት አገር እንደመጡም ይጠይቁት። ከላኩት ገንዘብ የእርስዎ ድርሻ እርሱ ነው።

ሄዶ የመጣ ሰው ዝም ብሎ ከተኛ፣
ምን ትርፍ አለው ታዲያ ለቀረነው ለኛ፤
ስንቁን ቋጥሮ ሰጥቶ ደጅ ለሚጠብቅ ሰው፣
የመንገዱ ወሬ ነው አንጀት የሚያርሰው።

ቸር እንሰንብት።