የመብራት ሰሌዳችን ይታደስ ወይስ ይለወጥ?

በማኅበራችን አዳራሽ በር ላይ የተሰቀለው የመብራት ሰሌዳ ካለፈው ክረምት ወዲህ ግማሹ ጨልሞ መቅረቱን የማያውቅ ተማሪ የለም። ሰሌዳው ሁለት ፊት ስላለው፣ ማታ ከቤተ መጻሕፍቱ በኩል ለሚመጣ ሰው «የተማሪዎች» ይላል፤ ከምግብ አዳራሹ በኩል ለሚመጣ ደግሞ «ማኅበር» ይላል። ተማሪዎቹና ማኅበሩ ተለያይተዋል እያሉ የሚቀልዱ ወንድሞችና እኅቶች በርክተዋል። ቀልዱ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ጉዳዩ ለመጪው ጠቅላላ ስብሰባ ስለ ቀረበና የሚወጣውም ገንዘብ ከእያንዳንዳችን መዋጮ ስለሆነ በቁም ነገር ልንነጋገርበት ይገባል።

እስከ አሁን የተሰሙት ሐሳቦች ሁለት ናቸው። አንደኛው ወገን፣ አሮጌው ሰሌዳ ወርዶ በምትኩ ፊደል የሚያስሮጥ የኤል ኢ ዲ ሰሌዳ ይገዛ ይላል። ሁለተኛው ወገን፣ የተቃጠሉት ፍሎረሰንቶች ብቻ ተለውጠው እንደ ነበረ ይቀጥል ይላል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ሰሌዳውን እንደ አንድ ዕቃ መቁጠራቸው ትክክል አይደለም። ሰሌዳው የብረት ሣጥን አለው፤ ጽሑፉን የያዘ ገጽ አለው፤ መብራትና ሽቦ አለው። ሦስቱ እኩል አያረጁም፤ ስለዚህም እኩል ሊጣሉ አይገባም።

በመጀመሪያ መብራቱን እንመልከት። በሣጥኑ ውስጥ አራት ባለ 36 ዋት ፍሎረሰንቶች አሉ። እያንዳንዱ ከነባላስቱ ወደ 45 ዋት ግድም ስለሚወስድ የአራቱ ድምር 180 ዋት ይሆናል። በእነርሱ ቦታ የሚገቡት የኤል ኢ ዲ ዘንጎች ግን እያንዳንዳቸው 18 ዋት ግድም ብቻ ስለሚወስዱ ድምሩ 72 ዋት ነው። ሰሌዳው በየማታው አምስት ሰዓት ቢበራ፣ በዓመት የሚፈጀው ኃይል ከ328 ኪሎዋት ሰዓት ወደ 131 ይወርዳል ማለት ነው። ከዚህም ሌላ ፍሎረሰንት በውስጡ ጥቂት ሜርኩሪ ይዟል። የሚናማታን ስምምነት የፈረሙ አገሮች በ2023 እ.ኤ.አ. በጄኔቫ ተሰብስበው፣ ለተራ መብራት የሚያገለግሉ ፍሎረሰንቶች መሠራታቸውና ከአገር አገር መነገዳቸው እስከ 2027 ድረስ ደረጃ በደረጃ እንዲቆም ወስነዋል። እንግዲህ «እንደ ነበረ ይቀጥል» ማለት፣ ከገበያ እየጠፋ በሚሄድ ዕቃ ላይ ተስፋ ማድረግ ነው።

ይሁን እንጂ ኤል ኢ ዲ ማስገባትም ጥንቃቄ ይጠይቃል። ፍሎረሰንት ዙሪያውን ያበራል፤ የኤል ኢ ዲ ዘንግ ግን በአብዛኛው ወደ አንድ ወገን ብቻ ያበራል። ባለ ሁለት ፊት በሆነው ሰሌዳችን ውስጥ ሳናስብ ብንሰካው፣ አንደኛው ገጽ ደምቆ ሁለተኛው ይደበዝዛል። ስለዚህ መብራቱ ጀርባ ለጀርባ ሆኖ፣ ከገጹም ራቅ ብሎ መታሰር አለበት፤ ከቀረበ ነጥብ ነጥብ እያለ ይታያል። የብረቱ ሣጥንም ከመሬት ሽቦ ጋር መያያዝ አለበት። ከሁሉም በላይ ግን ሰሌዳውን ያበላሸው እርጅና ሳይሆን ውኃ መሆኑን አንርሳ። የክዳኑ መጋጠሚያ ካልተደፈነና ከሥር ውኃ ማንጠባጠቢያ ቀዳዳ ካልተበጀለት፣ ምንም ዓይነት መብራት ብናስገባ የሚመጣው ክረምት ይወስደዋል። አዲሱ ሰሌዳም ቢሆን ከዚህ ዕጣ አያመልጥም።

ወደ ጽሑፉ እንምጣ። ፊደል የሚያስሮጠው ሰሌዳ በየሱቁ ደጃፍ ስለሚታይ የሥልጣኔ ምልክት ይመስላል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ሰሌዳ በብዛት የሚሠራበት አንዱ ክፍል ወደ ላይ 16፣ ወደ ጎን 32 ነጥብ ብቻ አለው። ለላቲን ፊደል ይህ ይበቃል። የእኛ ፊደል ግን ድምፁን የሚለውጠው በትንሽ ጭረትና በትንሽ ቀለበት ነው። ቢ እና ቤ የሚለያዩት በእግራቸው ሥር ባለች ምልክት ሲሆን፣ ለዚያች ምልክት የሚደርሷት ነጥቦች ሁለት ወይም ሦስት ናቸው። ከሩቅ የሚያይ ሰው ማንበብ ሳይሆን መገመት ይሆንበታል። ክፍሎቹን ደራርቦ ማጥራት ይቻላል፤ ዋጋውም አብሮ ይደራረባል። በአሮጌው ገጽ ላይ ያለውን ጽሑፍ ግን በብሩሽ የጻፈው ባለሙያ፣ የእያንዳንዱን ፊደል ወገብና እግር አውቆ ስለ ጻፈው ዛሬም ከመንገድ ማዶ ይነበባል። ይህን ጥለን ያንን መግዛት «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለው ይሆንብናል።

እንዲህ ያለውን ምርጫ ሌሎችም ገጥሟቸዋል። በአሜሪካ በቦስተን ከተማ፣ በኬንሞር አደባባይ፣ በ1965 እ.ኤ.አ. የተሠራ የሲትጎ የነዳጅ ኩባንያ የመብራት ሰሌዳ አለ፤ ቁመቱም ስፋቱም 60 ጫማ ነው። በ1979 ኃይል ለመቆጠብ ተብሎ ጠፋ፤ በ1983 ሊፈርስ ሲል የከተማው ነዋሪዎች ስለ ተቃወሙ በዚያው ዓመት እንደገና በራ። በ2005 ደግሞ የኒዮኑ መብራት ወጥቶ በኤል ኢ ዲ ተተካ። መልኩ ሳይለወጥ ሆዱ ተለወጠ። የነዳጅ ማስታወቂያ ይህን ያህል ከተከበረ፣ የራሳችን ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ከዚያ ያነሰ አይገባውም።

ይህን ስል አሮጌ ነገር ሁሉ ይጠበቅ ማለቴ አይደለም። ሣጥኑ በዝገት ተበልቶ ከሆነ፣ ወይም ከግድግዳው ጋር የያዘው ብረት ከላላ፣ ያለ አንዳች ክርክር ይለወጥ። ፊደሉ ያምራል ተብሎ በሰው ራስ ላይ ብረት አይንጠለጠልም። በዚያም ጊዜ ቢሆን ገጹ ተነቅሎ በአዲሱ ሣጥን ላይ ሊገጠም ይችላል።

ስለዚህ ለጠቅላላው ስብሰባ የሚከተለውን አቀርባለሁ። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ኃይሉ ተቋርጦ ሰሌዳው ይውረድ፤ ከቴክኒክ ክፍል መምህራን አንዱና የኤሌክትሪክ ትምህርት የሚከታተሉ ተማሪዎች ይመርምሩት። የማደሻውና የመለወጫው ዋጋ ጎን ለጎን ተጽፎ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። የትኛውም ቢወሰን፣ በየዓመቱ በግንቦት ወር ክረምት ሳይገባ ሰሌዳውን የሚፈትሽ አንድ ኃላፊ በስሙ ይመረጥ። አንድ ፍሎረሰንት ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምር አይተን ሁላችንም በሥሩ አልፈናል፤ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ስላልነበረ ግን ማንም አልነካውም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶቻችን ምክር ለኤሌክትሪክም ይሠራል።

አዲስ ዕቃ መግዛት ለአንድ ኮሚቴ የአንድ ቀን ሥራ ነው። የተገዛውን መጠበቅ ግን ከኮሚቴ ወደ ኮሚቴ የሚተላለፍ ሥራ ነው፤ በጠቅላላው ስብሰባ ልንወያይበት የሚገባውም ይልቁንም ይህኛው ነው።