የጥንቱ ገበያና አዲሱ ሕንጻ በጐንደር

የአንድ ከተማ ሕይወት የሚታወቀው በቤተ መንግሥቱና በቤተ ክርስቲያኑ ብቻ ሳይሆን በገበያውም ጭምር ነው። ቤተ መንግሥት የነገሥታቱን ሥራ ይመሰክራል፤ ቤተ ክርስቲያን የሃይማኖቱን ጽናት ያስረዳል፤ ገበያ ግን የሕዝቡን የዕለት ኑሮ፥ ድካሙንና የድካሙን ዋጋ፥ እርስ በርስ መተማመኑንም ያለ መሸፈኛ ያሳያል። ጐንደር ከነዚህ ከሦስቱ አንዱ ያልጐደለባት ከተማ ሆና ኖራለች። ዛሬ ግን ሦስተኛው፥ ማለት የጥንቱ ገበያ፥ ኃይሉ እየደከመ ሳለ የሕዝቡ ፍቅር ከእርሱ አለመለየቱ ስለሚታይ፥ ይህ ነገር የከተማ አስተዳደር በእጃቸው ያለ ሹማምንትም፥ ሕዝብን የሚመክሩ ካህናትም በትዕግሥት ሊመረምሩት የሚገባ ሆኗል።

ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ጐንደርን ከቈረቈሩ ወዲህ ከተማዪቱ የንግድ መንገዶች መገናኛ ሆነች። በምዕራብ በመተማ በኩል ወደ ስናር፥ በሰሜን በዐድዋ በኩል ወደ ምጽዋ፥ በደቡብም ጣናን ዞሮ ወደ ጐጃምና ከዓባይ ማዶ ወዳለው አገር የሚወስደው መንገድ ሁሉ በዚያ ይጋጠም ነበር። ወርቅ፥ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ከደቡብ ይመጣል፤ ሐርና ግምጃ ከባሕር በኩል ይገባል፤ አሞሌ ጨውም እንደ ገንዘብ ሆኖ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ቀዳማዊ ዐፄ ኢያሱን ለማከም በ1691 ዓ.ም. ጐንደር የገባው ፖንሴ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም፥ ንግዱ የሚካሄደው በሱቅ ሳይሆን በሰፊ ሜዳ ላይ እንደ ነበረ፥ ነጋዴዎቹም ዕቃቸውን በምንጣፍ ላይ ዘርግተው በየተወሰነላቸው ቦታ ይሸጡ እንደ ነበር ጽፎ ተወ።

ይህ ምስክርነት ልብ ሊባል ይገባል። ያን ጊዜ ጐንደር በግንብ ሥራ የሠለጠነች ከተማ ነበረች፤ ግንበኛም ኖራም አላጣችም። ይሁን እንጂ ገበያዋን በግንብ አላጠረችም። አንድ ቁና እህል ይዞ የመጣ ገበሬና በብዙ በቅሎ ጭኖ የመጣ ነጋዴ በአንድ ሜዳ ይውሉ ዘንድ ገበያው ክፍት ሆኖ ቀረ። የገበያው ጥቅምና የሕዝቡ ፍቅር ምክንያቱ ከዚህ ይጀምራል።

ሁለተኛው ምክንያት መገናኘት ነው። በቀዳማዊ ዐፄ ዮሐንስ ዘመን፥ በ1660 ዓ.ም. በተደረገው ጉባኤ፥ እስላሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው በራሳቸው ሰፈር እንዲቀመጡ ታዘዘ፤ እስላም ቤት ይባል የነበረውና በኋላ አዲስ ዓለም የተባለው ሰፈር ታሪክ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ሆኖም ሰፈሩ ሲለይ ገበያው አልተለየም። ሸማውን የሚሠራው እስላም፥ እህሉን የሚያመጣው ክርስቲያን ገበሬ፥ ማረሻና ድስት ሠርተው የሚያቀርቡት የወለቃ ቤተ እስራኤሎች በአንድ ቦታ ይገናኙ ነበር። በሃይማኖትና በመኖሪያ የተለያየው ሕዝብ በሚዛንና በዋጋ ሲነጋገር አንዱ የሌላውን ስም፥ የሌላውን ኀዘንና ደስታ ያውቅ ነበር። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በከተማዪቱ ሁከት ተነሥቶ የሰው ሕይወት መጥፋቱና ንብረት መዘረፉ፥ ይህ ትውውቅ ሲላላ የሚመጣው ጉዳት ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ለሁሉም ያስተማረ ነው።

የጐንደር ገበያ ከዛሬ በፊትም ብዙ ጊዜ ወድቆ ተነሥቷል። በ1859 ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ከተማዪቱን ዘረፈ፤ በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ድርቡሾች ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ፥ ሕዝቡንም ማረኩ። ከዚያም የጅቡቲ ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ትልቁ ንግድ ወደ ሸዋ ዞረ። ኢጣልያኖች ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ከተማዪቱን በያዙ ጊዜ፥ ከፋሲል ግንብ በላይ ፖስታ ቤትና ሲኒማ፥ ሱቅና ቡና ቤት ያለበትን ፒያሳ ሠሩ። ጠላት ለራሱ ምቾት የሠራው ይህ ሰፈር፥ እርሱ በኅዳር ወር 1934 ዓ.ም. ድል ሆኖ ከወጣ በኋላ፥ ለጐንደር ሕዝብ የንግድ አደባባይ ሆነ። እንዲህም ጐንደር ሁለት ዓይነት ገበያ ያላት ሆነች፤ አንዱ በሱቅና በመስኮት የሚሸጥበት ፒያሳ፥ ሁለተኛው ባላገሩ ከነሸክሙ የሚገባበት ቅዳሜ ገበያ ነው።

አሁን ሁለቱንም የሚፎካከር ሦስተኛ መጥቷል። ይኸውም በተለምዶ ሞል የሚባለው፥ ባለ መስተዋትና ባለ ብዙ ፎቅ የገበያ ሕንጻ ነው። የዚህ ሕንጻ ጥቅም አይካድም። ዝናብና ፀሐይ አያገኘውም፤ ዕቃው ንጹሕ ሆኖ ይቀመጣል፤ ለከተማዪቱም መልክ ይሰጣታል። ነገር ግን በብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች እንደሚታየው ምድር ቤቱ በገዢ ሲሞላ የላይኛው ፎቅ ባዶውን የሚውልበት ጊዜ አለ። ኪራዩ የሚከብድ ስለ ሆነ የሚገባው ልብስና ጫማ፥ ስልክና ሽቱ የሚሸጥ ነጋዴ ነው እንጂ፥ ከጠዳ ወይም ከወለቃ አንድ እንቅብ ሽንኩርት ተሸክማ የምትመጣ ሴት አይደለችም።

የጥንቱን ገበያ ያደከመው ሕንጻው ብቻ አይደለም። ከመተማና ከሁመራ የሚመጣው ሰሊጥ፥ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ፥ በደረጃና በመጋዘን ደረሰኝ ወደሚሸጥበት ሥርዓት ገባ። የወለቃ ቤተ እስራኤሎች በብዛት በ1977ና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ስለ ሄዱ፥ ይዘውት የነበረው የብረትና የሸክላ ጥበብ ባለቤቱ ጥቂት ሆነ፤ በእንስራውም ፈንታ የላስቲክ ጀሪካን ገባ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ገንዘብ በስልክ መላክ ተለመደ፤ ዕቃም በስልክ ይታዘዛል። ከሁሉ የበለጠው ግን በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ጦርነት ከተነሣ በኋላ የመንገድ መዘጋት ያመጣው ጉዳት ነው። የአምባ ጊዮርጊስ፥ የዳባትና የደባርቅ ገበሬ ገብሱንና በጉን ይዞ ሊወጣ ሲፈራ፥ የጐንደር ሸማች በውድ ይገዛል፤ ገበሬውም በርካሽ ይሸጣል፤ በመካከል ሁለቱም ይጐዳሉ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የጥንቱ ገበያ አልሞተም። ቅዳሜ ማለዳ አህያ እየነዳ፥ ዶሮ አንጠልጥሎ፥ ቅቤ በቅል ይዞ የሚገባው ሕዝብ ይህን ይመሰክራል። ድኻው በጣሳ ለክቶ የሚገዛው በርበሬና ምስር፥ በእፍኝ የሚገዛው ጌሾ በሕንጻው ውስጥ አይገኝም። በዱቤ የምትሰጥ ደንበኛ፥ «መርቂልኝ» ሲሏት ጥቂት የምትጨምር ሻጭ በገበያ ትገኛለች። ከዚህም በላይ ባላገሩ ከከተማው ልጁ ዘንድ የሚልከው ስንቅ፥ የቆሎ ተማሪው ከወላጆቹ የሚሰማው ወሬ፥ የለቅሶና የሠርግ ጥሪ ሁሉ በገበያ ቀን ይተላለፋል። ለብራናው ቆዳ፥ ለጧፉ ሰም፥ ለማዕጠንቱ ዕጣን የሚፈልግ ካህንም መሄጃው ገበያ ነው። ስለዚህ ሕዝቡ ገበያውን የሚወደው የአባቶቹ ልማድ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ በሌላ ቦታ የማያገኘውን ስለሚያገኝበት ነው።

የሌላው ዓለም ታሪክም ይህንኑ ያስተምራል። በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ ግዛት፥ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1956 ዓ.ም. ጣራው ሙሉ በሙሉ የተከደነ ትልቅ የገበያ ሕንጻ ተከፈተ፤ ሳውዝዴል ይባላል። ሥራውን የነደፈው ቪክቶር ግሩን የተባለው መሐንዲስ ነበር፤ አሳቡም ሰው ተዘዋውሮ የሚገናኝበት አደባባይ እንዲሆን ነው። ከዚያ በኋላ ይህን የመሰሉ ሕንጻዎች በብዙ ቦታ ተሠሩ፤ የአሮጌዎቹንም ከተሞች የመካከለኛ መንገድ ሱቆች አራቆቱ። ዛሬ ደግሞ ሰዎች በኢንተርኔት መግዛት ስለ ለመዱ ከነዚሁ ሕንጻዎች ብዙዎቹ ተዘግተዋል፤ በልጅነታቸው የተመላለሱባቸው ሰዎችም ያዝኑላቸዋል። እንግዲህ አሮጌውን ገበያ ያዳከመው ሕንጻ እርሱም በተራው አሮጌ ሆነ ማለት ነው። ለዕቃ ብቻ የተሠራ ገበያ፥ ዕቃው በሌላ መንገድ ሲገኝ ምክንያቱ ያልቃል።

በአገራችንም ምሳሌ አለ። የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ ቀድሞ በአራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ኢጣልያኖች ሕዝቡን በዘር ለመለየት ባወጡት ዕቅድ መሠረት ወደ ምዕራብ አዛወሩት፤ መርካቶ የተባለውም እርሱ ነው። ጠላት ለማራቅ ያዛወረውን ገበያ ሕዝቡ በየተራው ከፍሎ፥ ሸማ ተራ፥ በርበሬ ተራ፥ ምን አለሽ ተራ እያለ የራሱ አደረገው። ነገር ግን በጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በዚሁ በሸማ ተራ የተነሣው እሳት የብዙ ነጋዴዎችን ሀብት በአንድ ሌሊት አጠፋ። ይህም የጥንቱን ገበያ መውደድ ጕድለቱን ከመሸፈን ጋር አንድ እንዳልሆነ ያስረዳል።

በእርግጥም ጕድለቱ ብዙ ነው። መተላለፊያው ጠባብ ከሆነ የእሳት አደጋ መኪና አይገባም። ውሃና መጸዳጃ ከሌለ በሽታ ይመጣል። ሚዛን የሚያጕድል፥ በበርበሬ ውስጥ ባዕድ ነገር የሚቀላቅል፥ ከባላገሩና ከገዢው መካከል ገብቶ ዋጋ የሚያስወድድ ደላላ አይጠፋም። ግርግር ለሌባ ይመቻል እንደ ተባለው፥ ሥርዓት የሌለው ገበያ የሚጠቅመው ሐቀኛውን ነጋዴ ሳይሆን አጭበርባሪውን ነው። ስለዚህ ገበያው እንደ ነበረ ይቅር ማለት አሳብ አይሆንም።

ነገር ግን ጕድለት ያለበትን ማደስና ከሥሩ መንቀል የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በጐንደር የፋሲል ግንብ እድሳትና የኮሪደር ልማት ሥራ ለከተማዪቱ ትልቅ ዕድል ሆኗል፤ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ የተጻፈው ግቢ ክብሩን የሚመጥን አካባቢ ማግኘቱ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ መንገድ ሲሰፋና ሕንጻ ሲነሣ በጉሊት የምትተዳደረው ሴት ወዴት ትሄዳለች የሚለው ጥያቄ ከዕቅዱ በኋላ ሳይሆን በዕቅዱ ውስጥ መልስ ሊያገኝ ይገባል። ሜዳዋን አጥታ ከከተማ ዳር ብትጣል፥ ገዢዋ አይከተላትም፤ እርስዋም ተመልሳ በእግረኛ መንገድ ላይ መዘርጋቷ አይቀርም። ያን ጊዜ ደንብ አስከባሪና ድኻ ሲሳደዱ መዋል የዕለት ሥራ ይሆናል። ያለውን አፍርሶ በሌለው መተማመን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ስለዚህ ከሹማምንት የሚጠበቀው እንዲህ ነው። ገበያ ሊነካ ሲታሰብ የየተራው ነጋዴዎችና የባላገሩ ሽማግሌዎች አስቀድመው ይመከሩ። በቅዳሜ ገበያ የእሳት አደጋ መኪና የሚያልፍበት መንገድ፥ የጐርፍ መውረጃ፥ ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ ይሠራ። ሕዝብ አምኖበት አስመዝኖ የሚያረጋግጥበት የመንግሥት ሚዛን በገበያው መካከል ይቁም። አዲስ የገበያ ሕንጻ ሲፈቀድም በምድር ቤቱ ወይም በግቢው ለጉሊት ሻጭ አነስተኛ ኪራይ ያለው ቦታ እንዲተው ይደረግ። የፒያሳ አሮጌ ሱቆችም መልካቸው ሳይለወጥ ይታደሱ፤ ጐብኚ ከግንቡ ወጥቶ የሚያየው እነርሱን ነውና። ከሁሉ በፊት ግን ከሰሜን ደጋ ወደ ከተማዪቱ የሚወስደው መንገድ ሰላም ያግኝ፤ መንገዱ የተዘጋበት ገበያ በወርቅ ቢለበጥ አይጠቅምምና።

የካህናትም ድርሻ ቀላል አይደለም። ጌታ በቤተ መቅደስ የለዋጮችን ገበታ የገለበጠው የጸሎት ቤት የንግድ ቤት በመሆኑ ነው እንጂ፥ በገበያ ሠርቶ በሐቅ የሚያድረውን ሰው ነቅፎ አይደለም። ስለ እውነተኛ ሚዛን ማስተማር፥ ነጋዴና ገዢ ሲጣሉ ማስታረቅ፥ ከእስላሞቹ ሽማግሌዎች ጋር ሆኖ የገበያውን ሰላም መጠበቅ ከአባቶች የተወረሰ አገልግሎት ነው። የአርባ አራቱ ታቦት አገር በሆነችው በጐንደር የካህን ቃል በገበያ ቀን ከማንኛውም ማስታወቂያ ይልቅ ይሰማል።

አዲሱ ሕንጻ ይሠራ፤ ለእርሱ የሚሆን ነጋዴና ገዢ አለው። ነገር ግን የጥንቱን ሜዳ በመዋጥ አይሁን። ዐፄ ፋሲለደስ የቈረቈሯት ከተማ በግንቧ ብትከበርም የኖረችው ባላገሩ በሚያመጣው እህል ነው። ለዚያ ባላገር የሚቀመጥበት ቦታ ያላሳጣ አስተዳደር፥ ለከተማዪቱ መልክም ሕይወትም የሰጠ ይባላል።