እናቴ ያልወደደችው ጥላ

እናቴ ከአገር ቤት ከመጣች አንድ ወር ሊሞላት ነው። እስካሁን ሳንዲያጎን የምታውቃት ከቤታችን፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከገበያ መልስ በመኪና መስኮት ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ግን «ውቅያኖስ ሳታዪ አትመለሺም» ብለን ወደ ቶሪ ፓይንስ ወሰድናት።

ቶሪ ፓይንስ ከመሃል ከተማው በስተ ሰሜን፣ ላ ሆያ አጠገብ ያለ የተጠበቀ ሥፍራ ነው። ወደ 90 ሜትር የሚደርስ ቢጫና ቀላ ያለ ገደል ከባሕሩ ዳር ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሌሊት ተነሥቼ ምሳ ሠርቼ ነበር፤ ለካ ከላይ ካለው ጫካ ውስጥ ከውኃ በቀር ምንም ይዞ መግባት አይፈቀድም። መብላት የሚቻለው ታች አሸዋው ላይ ብቻ ነው። ፍርፍሩ መኪና ውስጥ ቀረ።

ለአዛውንትና ለሕፃን የሚሆነው መንገድ ጋይ ፍሌሚንግ የሚባለው ነው። አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ዞሮ ወደተነሣበት ይመለሳል፤ ዳገቱም አያደክም። በክረምት፣ ከዲሴምበር ጀምሮ፣ ዓሣ ነባሪዎች ሲያልፉ ከዚያ ላይ ይታያሉ ይባላል። እኛ አላጋጠመንም። እናቴማ ባሕሩን ትታ ዛፉን ታይ ነበር። «ጥድ ነው» ስላት «ይሄ ምኑ ጥድ ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ የእኛን ጥድ አይመስልም። ቅጠሉ አምስት አምስት ሆኖ የተያያዘ ረዥም መርፌ ነው። ይህ ዛፍ በዓለም ላይ በተፈጥሮ የሚበቅለው በዚህ አካባቢና በሳንታ ሮዛ ደሴት ብቻ ነው። ልጄ ፍሬውን ኪሱ ሊከት ሲል አባቱ አስመለሰው፤ ማንሣት ክልክል ነው።

ረፋዱ ላይ ምሳችንን ይዘን ወደ አሸዋው ወረድን። ገደሉ ወደ ምዕራብ ስለሚያይ እስከ ቀትር ድረስ ሥሩ ጥላ ነው። ባለቤቴ ምንጣፉን እዚያ ዘረጋና «እማማ፣ እዚህ ይቀመጡ፣ ፀሐይ አያገኝዎትም» አላት።

«እኔ እዚያ አልቀመጥም» አለች።

እናቴ ያደገችው ጣርማ በር አካባቢ ነው። ገደል ብርቋ አይደለም። ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ በጣቷ ፋቅ ስታደርገው አሸዋው ዝር ዝር እያለ ወረደ። «ይሄ ድንጋይ ነው ትሉኛላችሁ? አፈር ነው እኮ!» ከእግሯ አጠገብ ያለውን ክምር አሳየችን፤ ከላይ የወረደ ናዳ ነበር። ልጄን በእጁ ይዛ ወደ ውኃው ሄደች።

ያፈርኩት እኔ ነኝ። ገደሉ ይናዳል የሚለውን ማስጠንቀቂያ ስንገባ አንብቤው አልፌያለሁ። በኦገስት 2019 ከዚህ በስተ ሰሜን ባለችው በኤንሲኒታስ ገደሉ ተንዶ፣ ከሥሩ አሸዋው ላይ ከነበረ አንድ ቤተሰብ ሦስት ሴቶች ሞተዋል። ያን ጊዜ ዜናውን ሰምቼ አልቅሻለሁ፤ ያም ሆኖ ጥላ ሳይ ረሳሁት። ሞገዱ ከሥር ይበላዋል፣ ከላይ ደግሞ የዝናብና የአትክልት ውኃ እየሰረገ ያላላዋል። የሚወርድበትን ቀን አይናገርም።

ስለዚህ እናንተም ስትሄዱ ጃንጥላ ያዙና ከገደሉ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። ከሁሉ በላይ ባሕሩ የሚሞላበትን ሰዓት አስቀድማችሁ በስልካችሁ እዩ። ሲሞላ አሸዋው ይጠብባል፣ ሰውም ሳያስበው ወደ ገደሉ ይጠጋል። እኛ ይህን አላየንም ነበር፤ ጃንጥላም አልያዝንም። እናቴ ነጠላዋን በራሷና በልጄ ራስ ላይ ጣል አድርጋ ፍርፍሩን ፀሐይ ላይ በላን። ውኃው ሁለት ጊዜ አስነሣን፤ በሦስተኛው «በቃ፣ እንሂድ» አለች።

ማታ ልጆቹ ተኝተው ቡና ስናፈላ ዝም ብላ ቆየችና «ያ ውኃ አሁንም እንደዚያው እየተማታ ነው?» አለችኝ።

«አዎ፣ እማዬ።»

«ሌሊቱን ሙሉ?»

«ሌሊቱን ሙሉ።»

«ታዲያ ገደሉ ምን ያድርግ!» አለችና ሲኒዋን አቀበለችኝ።