የሰው ሐቅ የሌለበት ኮምፒዩተር



የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 አብቅቷል። አዲሱን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ቀድቶ መጫን ደግሞ የሰው ሐቅ መንካት ነው። በጎ ፈቃደኞች ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያዘጋጁት ዴቢያን ግን መቅዳትንም ማደልንም ይፈቅዳል፤ መጫኛውም አማርኛ አለው። በጦርነቱ ዘመን ኢንተርኔት ተቋርጦባት በቆየችው መቐለ፣ ቀዳማይ ወያነ ላይ አንዱ ያወረደውን ሰፈሩ ሁሉ በፍላሽ ሊቀባበለው ይችላል።

ጀማሪ በቅድሚያ የቤተሰቡን ፎቶና ሰነድ ሌላ ዲስክ ላይ ይገልብጥ፤ ሲጫን የነበረው ሊጠፋ ይችላልና። ቀጥሎ «ላይቭ» የተባለውን ቅጂ፣ በተራ ኮፒ ሳይሆን በመጻፊያ ፕሮግራም፣ ባዶ ፍላሽ ላይ ያስፍር። ኮምፒዩተሩን በፍላሹ አስነስቶ ሳይጭን ይሞክረው። ዋይፋዩና ድምፁ ከሠሩ ይጫን።

የምታውቁ ወጣቶች ሆይ! ይህን በቀላል አማርኛና ትግርኛ ጽፋችሁ አካፍሉ። የሚጠቅም ዕውቀት ምንዳው ከሞት በኋላም አይቋረጥም።