የጨረታ ክብረ ወሰንና የገበያው መጥበብ

ሰብሳቢዎች የሚሹት ያገለገለ የስፖርት መኪና ገበያ ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው በጨረታ ክብረ ወሰን ነው። 36 ያህል ብቻ ከተሠሩት የፌራሪ 250 ጂቲኦ መኪኖች አንዷ እ.ኤ.አ. በ2018 በካሊፎርኒያ በ48.4 ሚሊዮን ዶላር፣ ሌላዋ በ2023 በኒው ዮርክ በ51.7 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠዋል። ይህ ግን የሚያሳየው የጥቂት ባለጸጎችን አቅም እንጂ የገበያውን ስፋት አይደለም።

ሻጩ የቆረጠው ዝቅተኛ ዋጋ ሳይሞላ ቀርቶ ከጨረታ የተመለሰ መኪና በአማካይ ዋጋ ስሌት ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ገዢው እየሳሳ አማካዩ ባለበት ሊቆይ ይችላል። ያለፈው ታሪክም ለዚህ ማስጠንቀቂያ ነው። ኤንዞ ፌራሪ በ1988 ካረፉ በኋላ በአትራፊዎች ሽሚያ ይበልጥ የናረው ዋጋ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲያሽቆለቁል መኪኖቹ ያው ነበሩ፤ የጎደለው ገዢ ነው። ብርቅነት ብቻውን፣ ፈላጊ ከሌለ፣ ዋጋ አይሆንም።

ጉዳቱም በባለሀብቱ ኪስ አያበቃም። መካከለኛ ዋጋ ያላቸው መኪኖች ገዢ ሲያጡ አሮጌ ካርቡሬተር የሚያስተካክለው መካኒክና ቆርቆሮ በእጁ የሚቀርጸው ባትላሜራ ሥራ ይፈታሉ፤ ሙያውም ተተኪ ያጣል። በመሆኑም በዘርፉ የሚካሄድ ጥናት ከሽያጭ ዋጋ ጎን ያልተሸጡትን መኪኖችና የተጫራቾችን ብዛት ሊመዘግብ ይገባል።