«ምንም አይመጣም» ብዬ ዋሸሁት

በ2017 ዓ.ም. ገና ሊደርስ ሰሞን የፈንታሌው ርዕደ መሬት አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ የስምንት ዓመቱ የልጅ ልጄ በሌሊት ተነስቶ አልጋዬ ውስጥ ገባ። «አባባ፣ መሬቱ ይከፈታል?» አለኝ። «ምንም አይመጣም፣ ተኛ» አልኩት። እኔ ምን አውቄ!

ያ መልሴ ሲከነክነኝ ሰነበተ። በኋላ ስለ እሳተ ገሞራ ሳነብ በደቡብ ጃፓን ያለውን የሳኩራጂማን ተራራ ታሪክ አገኘሁ። ተራራው የሚገኝበት የካጎሺማ ባሕረ ሰላጤ ሰሜናዊ ክፍል አይራ የሚባል ካልዴራ ነው። ከ30 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሥር የነበረው ቅልጥ ዐለት በታላቅ ፍንዳታ ወጣ። ከሥሩ ባዶ የቀረው መሬት እንደ ቤት ጣራ ተደረመሰ፤ ጎድጓዳውንም ባሕር ሞላው። ሳኩራጂማ የተወለደው ከዚያ በኋላ፣ በካልዴራው ደቡባዊ ጠርዝ ላይ ነው።

በ1914 እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ ወር የደሴቲቱ መሬት ደጋግሞ ተንቀጠቀጠ፤ የጉድጓድ ውኃም ጠባዩ ተለወጠ። የመንደሩ ሹማምንት የአየር ጠባይ ጣቢያውን ሲጠይቁ «ሳኩራጂማ አይፈነዳም» ተባሉ። ብዙው ሰው ግን ያየውን አምኖ በጀልባ ሸሸ። መልሱን ያመኑት ቀሩ። ጃንዋሪ 12 ቀን ተራራው ፈነዳ። ከቀሩት መካከል ቀዝቃዛው ባሕር ውስጥ ዘለው የሰጠሙ አሉ። በዚያው ምሽት ከደረሰው ርዕደ መሬት ጋር 58 ሰዎች ሞቱ ወይም ጠፉ። የፈሰሰው ቅልጥ ዐለትም ባሕሩን ደፍኖ ደሴቲቱን ከየብስ ጋር አገናኛት።

ከአሥር ዓመት በኋላ የመንደሩ ሰዎች ሐውልት አቆሙ። መልእክቱ፣ ምልክት ስታዩ የሌላ ሰው ማረጋገጫ ሳትጠብቁ ለመሸሽ ተዘጋጁ የሚል ነው። ዛሬ ሳይንቲስቶች የመሬቱን ማበጥ ሳይቀር በመሣሪያ ይለካሉ፤ ነዋሪውም በየዓመቱ መሸሽን ይለማመዳል። ልጆች ሄልሜት አድርገው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። አደጋው ከልጆቹ አልተደበቀም፤ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ግን ያውቃሉ።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ልጁን አስቀመጥኩት። «ያን ሌሊት ሳላውቅ ነው የመለስኩልህ» አልኩት። «መሬት መቼ እንደሚንቀጠቀጥ ቀኑን የሚነግረን የለም። እኛ ግን የምናደርገውን እናውቃለን።» ከመስኮትና ከቁም ሣጥን ርቀን፣ ጠረጴዛ ሥር ገብተን፣ እግሩን ጨብጠን መያዝን ተለማመድን።

«እርስዎስ አባባ፣ ጉልበትዎን እያመመዎት እንዴት ይገባሉ?» አለኝ። መልስ ሳጣ ወንበሮቹን ገፋ ገፋ አድርጎ ቦታ አሰፋልኝ።

ወላጆችና አያቶች፣ «ምንም አይመጣም» ማለት ለእኛ ይቀላል። ልጆቻችን ግን እውነቱን ከእኛ ቢሰሙት ይሻላል፤ ከእውነቱ ጋርም የሚያደርጉትን እናሳያቸው።