እባካችሁ አትቀስቅሷቸው

እስቲ አስቡት። ሌሊቱን ሙሉ ሥራ አድራችሁ፣ ጎህ ሲቀድ ገብታችሁ ተኝታችኋል። ገና ሸለብ ሲያደርጋችሁ የማታውቁት ሰው ሁሉ ክፍላችሁን ሞላው። አንዱ ፎቶ ያነሳል፣ ሌላው ሊነካችሁ እጁን ይዘረጋል።

ግብፅ ውስጥ፣ ማርሳ አላም አጠገብ ባለው ሳማዳይ የተባለ የቀይ ባሕር ኮራል አለት የሚያርፉት ዶልፊኖች የገጠማቸው ይኸው ነበር። ስፒነር የሚባሉት እነዚህ ዶልፊኖች የሚያድኑት ሌሊት ነው። ቀን ቀን፣ ማዕበል ወደማይበረታበት፣ እንደ ፈረስ ኮቴ ወደታጠፈው አለት ገብተው ያርፋሉ። የእኛም ጀልባ የሚደርስባቸው ያን ጊዜ ነው።

ደግነቱ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የአለቱ ውስጠኛ ክፍል ለዶልፊኖቹ ብቻ ተከለለ፤ የጎብኚው ቁጥርና ሰዓትም ተወሰነ። አሜሪካም በ2021 በሃዋይ ዳርቻዎች ስፒነር ዶልፊኖችን ከ50 ያርድ፣ ማለትም ከ45 ሜትር ገደማ ይበልጥ መጠጋትን ከለከለች።

“ታዲያ ምኑን አየነው?” የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ክልከላው አንሷል ባይ ነኝ። ካፒቴኑ የሚያሳድዳቸው እኮ እኛ “ጠጋ በል!” ስለምንለው ነው። ጉርሻ የምንሰጠውም ለተጠጋው ነው።

ስለዚህ ለሽርሽር ወደዚያ ብቅ ካላችሁ፣ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ጠይቁ። ዶልፊን ሲያይ ፍጥነቱን ይቀንሳል? መንገዳቸውን አይዘጋም? መልሱ “አታስቡ፣ መሀላቸው አስገባችኋለሁ” ከሆነ ብራችሁን ይዛችሁ ዞር በሉ።

ዶልፊኑ ከፈለገ ራሱ ይመጣል። ካልመጣም አትቀየሙት፤ ቤቱ ነው፣ ደክሞት ተኝቷል።